ሦስተኛው ዲስክ አርጆ ነው

ተናኜ ይመር ወደ ሱቃችን የመጣችው ሁለቱ ሃርድ ዲስኮች በተበላሹ በአምስተኛው ቀን ነው። ጫማዋ ላይ የተጣበቀውን የሰኔ ጭቃ ደረጃው ጠርዝ ላይ ጠራርጋ ገባችና ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሙሽሮች ፎቶ አንድ በአንድ አየች። ከመሃላቸው የምታውቀውን ሰው የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ ኦቦ ዋቅወያ የሚባሉት ቪዲዮ አንሺ እዚህ እንደሆኑ ጠየቀችኝ።

አማርኛዋን ስሰማ ከየት እንደሆነች አወቅኩ። የእኔም ወላጆች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ወለጋ ከሰፈሩት ናቸው፤ እናቴ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምትናገረው። ስሜን እንኳን ሳትጠይቅ «እታለም» አለችኝና የመጣችበትን ጉዳይ ቆማ ነገረችኝ። በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር፣ ኪራሙ ላይ ተድራለች። ሰርጓን የቀረጹት ከነቀምቴ ድረስ ካሜራ ይዘው የሄዱት ኦቦ ዋቅወያ ናቸው። ሲዲው ቤቷ ቡፌ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ከኪራሙ ሲሸሹ ልጇንና አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ይዛ ወጣች፤ ቤቱም ቡፌውም ሲዲውም እዚያው ቀሩ። አባቷ አያ ይመር ከዚያ ቀደም ብለው አርፈዋል። በሰርጓ ቀን ቆመው መርቀዋታል። ከዚያ ሌላ ድምፃቸው የተያዘበት ነገር የትም የለም።

«ፊቱ አልጠፋኝም» አለች። «ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ድምፁ ነው የሸሸኝ። ይናገራል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ግን አልሰማውም። ልጄ ደግሞ አያቴ እንዴት ነበር የሚያወራው ትለኛለች።»

ዲስኮቹን ያበላሸሁት እኔ ነበርኩ።

ኦቦ ዋቅወያ ከጓዳ ወጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ትንሽ አይተዋት፣ «ዝናብ ሳይታሰብ መጥቶ ጄኔሬተሩን በጆንያ የሸፈንንበት ሰርግ ነው» አሉ። ተናኜ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከመንደሩ ሰው በቀር ያንን ዝናብ የሚያስታውስ ሰው አገኛለሁ ብላ አልጠበቀችም ነበር። ወንበር ሰጧትና ሳይሸፍኑ እውነቱን ነገሯት፤ ዕቃው ሦስት ቦታ ተቀምጦ ነበር፣ ነቀምቴ ያሉት ሁለቱ ተበላሽተዋል፣ ሦስተኛው አርጆ እህታቸው ዘንድ ነው፣ እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት አልታየም።

«ስለ እሱ ሳላየው ምንም አልልሽም» አሏት። «ተስፋ ሰጥቼ አልልክሽም። ነገር ግን እሄዳለሁ።»

ማን እንዳበላሸው አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም።

ኦቦ ዋቅወያን የማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት መጣ ይል ይሆናል። የአርጆ ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ መምህር ጥሎላቸው በሄደው አሮጌ ካሜራ ፎቶ ማንሳት ጀመሩ፤ ከዚያ ነቀምቴ መጥተው ሱቅ ከፈቱ። ሚስታቸው ፌኔት ነፍሷን ይማርና አብራቸው ትሠራ ነበር፤ እሳቸው ካሜራ ሲይዙ እሷ መብራት ትይዛለች። በዘጠና ስምንት ወደ ዲጂታል ሲዞሩ የመጀመሪያውን ዓመት ሰርግ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ከተቱት። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። የጉቴ መምህር ሰርግ ገና ሳይሠራ እዚያው ውስጥ ነበር። የሙሽራዋ እናት መጥተው፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሄዱ። «ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር» ይሉኝ ነበር ኦቦ ዋቅወያ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም ሲያወሩት የተቀመጡበትን ጥግ በእጃቸው ያሳያሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ቦታ ማስቀመጥ የጀመሩት። አንዱ ዲስክ ሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ አንዱ ቤታቸው በብረት ቁም ሳጥን፣ አንዱ አርጆ እህታቸው አዴ ሎሚ ዘንድ። ሱቅ ቢቃጠል ቤት አለ፤ ከተማው ሁሉ ክፉ ቢያገኘው አርጆ አለ። በየገናው እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ላፕቶፕ ይዘው የዓመቱን ሥራ አርጆ ያለው ዲስክ ላይ ይጨምራሉ። መንገዱ በተዘጋባቸው ሁለት ገናዎች ግን ሳይሄዱ ቀሩ።

እኔ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ሥራ ፈልጌ ሳጣ፣ እሳቸው ዘንድ ማመልከቻና የኪራይ ውል ለመጻፍ ተቀጠርኩ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ፊደል መምታት አይደለም። ፊት ለፊት ያለው ኮምፒውተር የሰው ሁሉ ነው፤ ዘፈን የሚያስጭን፣ ፎቶ የሚያሳጥብ፣ ማመልከቻ የሚያሳትም ሁሉ ፍላሹን እዚያ ይሰካል። የጓዳው ኮምፒውተር ግን የሰው ፍላሽ አያውቅም። ዲስኮቹ የሚሰኩት እዚያ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳይነቀል ሌላው አይወጣም። ሲነቀልም መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ይጠበቃል። ጥድፊያ ስጀምር «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እየዋጠ ያለን ሰው ከአፉ አትንጠቂው»።

ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የተሳሳትኩት።

ኔትወርክ በተቋረጠባቸው ዓመታት የነቀምቴ ኮምፒውተሮች ሁሉ አንቲቫይረሳቸው አርጅቶ ነበር። አዲስ ነገር የሚገባው በአውቶቡስ፣ በሰው ኪስ ነው። ጎረቤታችን ሌንጮ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ አንድ ቀይ ፍላሽ ይዞ መጣ። ውስጡ ትናንት የወጣ አንቲቫይረስ አለ ተባለ። መንገዳችን ላይ ያለው ሱቅ ሁሉ ፍላሹን ሲጠብቅ ሰነበተ። ሌንጮ እንደ ክትባት ሰጪ ከበር በር ይዞት ዞረ። «መድኃኒት አመጣሁላችሁ፣ ክንዳችሁን አዘጋጁ» እያለ ይቀልድ ነበር። እኛ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ ሱቅ አልፎ ነበር።

ኦቦ ዋቅወያ ለቅሶ ሄደው ስለነበር ሱቁ ውስጥ እኔ ብቻ ነበርኩ። እኔ ደስ ላሰኛቸው ፈለግኩ። ፍላሹን የሰው ፍላሽ አድርጌ አላየሁትም፤ የሚያክም ነገር ያረክሳል ብሎ ማን ያስባል? የጓዳው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ያ አልበቃኝም፤ ዲስኮቹም አንድ ላይ ይታከሙ ብዬ የመሳቢያውን አወጣሁ፣ የቤቱን ደግሞ በዚያ ሳምንት ሊገለብጡበት አምጥተውት ነበርና እሱንም ጎን ለጎን ሰካሁ። ሁለቱም ዲስኮች መብራታቸውን እያብለጨለጩ ሲሠሩ ጽድቅ የሠራሁ ያህል ደስ ብሎኝ ተቀምጬ አየኋቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ።

ከዚያ አንድ ሰርግ ልከፍት ብል እምቢ አለኝ። ሌላ ሞከርኩ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም ጫፍ ላይ የማላውቃቸው አራት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ ፋይሎቻችሁን ቆልፈናል፣ እንድንከፍትላችሁ በዶላር ክፈሉ ይላል። ኦቦ ዋቅወያ ሲመጡ ደብዳቤውን ከነመነጽራቸው ተጠግተው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር። ሶኬቱን ነቀሉ።

«ዶላር» አሉ በኋላ፣ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ። «ነቀምቴ ላይ ዶላር የሚያገኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሰርጉን እኔ ነበርኩ የማነሳው።»

ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አልተቆጡኝም። ሌንጮንም አልተቆጡትም፤ እሱ ራሱ ስድስት ኮምፒውተር ሞቶበት ፀጉሩን እየነጨ ነበር። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከሥር አጥፍተው እንደገና ጫኑ። በአምስተኛው ቀን ነው ተናኜ የመጣችው።

ወደ አርጆ ስንሄድ ኦቦ ዋቅወያ ዲስኩን ወደ ነቀምቴ ማምጣትን ፈጽሞ አላሰቡትም። ሁለት ዲስክ የሞተበት ቤት ሦስተኛውን አላስገባም አሉ። በምትኩ አሮጌ ላፕቶፓቸውን አጽድተው ዊንዶውስ ያልሆነ ሌላ ሲስተም ጫኑበት፤ ዲስኩን የሚያነብ፣ ግን ምንም የማይጽፍበት እንዲሆን አድርገው አስተካከሉት። አንድ አዲስ ባዶ ዲስክም ገዙ። እኔን ይዘውኝ የሄዱት ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። በአውቶቡሱ መስኮት በኩል ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ላፕቶፑና አዲሱ ዲስክ ያሉበትን ሻንጣ ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ፤ ጉድጓድ ውስጥ በገባን ቁጥር ጠበቅ አደርገዋለሁ።

አዴ ሎሚ ደጃፍ ላይ ወንድማቸውን አቅፈው ጉንጫቸውን እያገላበጡ ሳሙ። እኔንም «ነጋ ጅርታ?» ብለው ሳሙኝ። ዲስኩን ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከሻሽ ውስጥ አውጥተው ለወንድማቸው ሰጡና እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አጣመሩ።

ኦቦ ዋቅወያ ሲሰኩት ዲስኩ በራ፣ ትንሽ አጉረመረመ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የመጣው ጽሑፍ ፋይል አልነበረም። ዲስኩ ሊነበብ አልቻለም የሚል ነበር፤ የሱቃችን ኮምፒውተር ቢሆን ፎርማት ይደረግ ወይ፣ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ያንን ጥያቄ አዎ ብሎ የመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ እያለቀሰ ወደ ሱቃችን መጥቷል።

«ምን አግኝቶት ነው ሎሚ?» አሉ።

አዴ ሎሚ ተናዘዙ። ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ እየሰኩ ያዩት ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ በየበዓሉ። የመጨረሻ ጊዜ እያዩ ሳለ መብራት ጠፍቶ፣ ሲመለስ ደግሞ ልጆቹ ቀምተው ነቅለውት፣ ከዚያ ወዲህ ቴሌቪዥኑም አላነብም ብሏል።

«ዝም ብለሽ አስቀምጪ ነበር ያልኩሽ» አሉ ወንድማቸው።

«አንተ ሁለት ገና ስትቀርብኝ ምን ላድርግ? ሰርጉን አልነበረም የማየው። ከካሜራው ኋላ ሆነህ ስትናገር ድምፅህን ልሰማ ነው። ወደዚህ እዩ፣ ጠጋ በሉ ስትል።»

ኦቦ ዋቅወያ አዲሱን ዲስክ ከሻንጣው አወጡ። እኔ ተናኜን አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ብቻ ነበር። የታመመውን ዲስክ ሳይነኩት፣ ምንም ሳይጠግኑ፣ ከነቁስሉ እንዳለ ወደ አዲሱ ዲስክ መገልበጥ፤ ከዚያ የሚሞከረው ሁሉ ግልባጩ ላይ ይሞከራል፣ ዋናው አይነካም። ላፕቶፑ አሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል አለ። አርጆ በዚያ ሳምንት መብራት የሚመጣው ለሁለት ሰዓት፣ ሲበዛ ለሦስት ነው። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሩብ ያህል ተገልብጦ መብራት ሄደ፤ ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገውት ስለነበር አልጠፋም፣ ግን በዚህ አካሄድ ሳምንቱ ያልቅ ነበር።

አዴ ሎሚ መላውን አመጡ። እሳቸው የሚሄዱበት ቸርች ጄኔሬተር አለው፤ መዘምራኑ ለኪቦርዱና ለድምፅ ማጉያው ያስነሱታል። እሑድ ልዩ ፕሮግራም ስለነበረ ከሐሙስ ጀምሮ በየቀኑ ልምምድ አለ። ላፕቶፑንና ሁለቱን ዲስኮች በትሪ ላይ ደርድረን፣ ትሪውን በፎጣ ሸፍነን፣ መዘምራኑ ጀርባ አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው። እነሱ ያንኑ መዝሙር አሥር ጊዜ ይደግማሉ፣ የኛ ቁጥር ከመቶ አርባ፣ አርባ አንድ እያለ ይወጣል። አስተባባሪያቸው ልምምዱን ሊጨርሱ ሲሉ ኦቦ ዋቅወያን ዞር ብለው ያያሉ። ኦቦ ዋቅወያ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «እሺ አንድ ጊዜ ደግሞ» ይላሉ ሰውዬው፣ መዘምራኑም ያጉረመርማሉ። እሑድ ከሰዓት መቶ ሞላ። ያ መዝሙር አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ኦሮምኛው ሳይገባኝ የቀረ አንድም ስንኝ የለውም።

ነቀምቴ ስንመለስ ከግልባጩ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ የሚሆኑ ቪዲዮዎች ወጡ። ስም ግን አንዱም የለውም። ማን የማንን ሰርግ፣ የት፣ መቼ የሚለው የፎልደር ስም ሁሉ ጠፍቶ በቦታው ቁጥር ብቻ ቀርቷል። የተናኜን ለማግኘት አንድ በአንድ እየከፈቱ ከማየት በቀር መንገድ አልነበረም።

ተናኜ ሆቴል ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ስትወጣ እጆቿ ከውሃው ብዛት ተሸብሽበው ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች። እኔ እከፍታለሁ፣ ጥቂት እናያለን፣ ኪራሙ ካልሆነ እዘጋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ነበር። በኋላ ግን እጃችን ቀስ አለ። ጉቴ ላይ አንድ ሙሽራ ከፈረስ ሊወርድ ሲል ጫማው እርካብ ላይ ቀርቶ በአንድ ጫማ ይገባል። አርጆ ላይ ሁለት አሮጊቶች ካሜራውን ሲያዩ ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ። የነቀምቴ ሠርገኞች ኤፍ ኤም የሌለበትን ዘመን ዘፈን ይጨፍራሉ፤ አሁን ታክሲ የሚነዳው ሰውዬ እዚያ ውስጥ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ሆኖ ከረሜላ ይለቅማል። «ይቺን አውቃታለሁ» እላለሁ። «ይኼ ሞቷል» ይላሉ ኦቦ ዋቅወያ ከኋላችን። «ይቺ ጅማ ናት። ይቺ ካናዳ ሄደች። ይኼ ደግሞ እግዜር ይመስገን አለ፣ ትናንት አይቼዋለሁ።»

አንድ ቀን ኦቦ ዋቅወያ ሻይ ይዘው ሲገቡ ቆመው ቀሩ። የተከፈተው የቤት ውስጥ ሰርግ ነበር። ሙሽሮቹ ላይ የወደቀው ብርሃን ዝቅ አለ፤ የራሳቸው የዱሮ ድምፅ ከካሜራው ኋላ «መብራቱን ከፍ አድርጊው» አለ። አንዲት ሴት «ክንዴ አለቀ እኮ» ብላ ሳቀች። ግድግዳው ላይ ክንዷን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት ጥላ ይታያል፤ ሴትየዋ ራሷ ግን የለችም። ፌኔት ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከሳቸው ጋር ሠርታ፣ ብርሃኑን ለሌላ ሰው ስትይዝ ኖራ፣ እሷን የቀረጻት የለም። ኦቦ ዋቅወያ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው የቪዲዮውን ቁጥር መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉና ወደ ጓዳ ገቡ። ተናኜና እኔ አልተያየንም።

በዚያን ቀን ነው የነገርኳት። ፍላሹን የሰካሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ሁለቱንም ዲስክ አንድ ላይ እንደሰካሁ፣ እሷ የመጣች ቀን ሳልናገር እንደቀረሁ። ሁሉንም ስክሪኑን እያየሁ ነበር የተናገርኩት። ነጠላዋን ስታስተካክል ሰማሁ።

«ይድናሉ ብለሽ ነው አይደል የሰካሻቸው?»

«አዎ።»

«ክፈቺ እንግዲህ ቀጣዩን» አለች።

የሷ ሰርግ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ተገኘ። ዝናቡ ነበር ያስታወቀን፤ ጆንያ የለበሰው ጄኔሬተር፣ ከሰሌኑ ሥር የተጠጉት እንግዶች። ተናኜ «እናቴ» አለች በቀስታ፣ «ያቺ እናቴ ናት፣ ያ የኛ በር ነው»። ሙሽራይቱ ተሸፍና ስትወጣ ታየች። ከዚያ ምስሉ በአረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተሞላ፣ ድምፁ እንደሚንተባተብ ሰው አንድ ፊደል ላይ ቆመ፣ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ቀጥ አለ። ምርቃቱ ከዚያ በኋላ ነበር። ኦቦ ዋቅወያ ሦስት ቀን ሞከሩ። ሌንጮም መጥቶ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ ሞከረ፤ ስለ ቀዩ ፍላሽ ስላልጠየቅነው ይሆናል ምሳውን እንኳን ሳይበላ ነው የዋለው። የዲስኩ ያ ቦታ ሞቷል፤ የተገለበጠው ባዶ ነው።

«በቃ» አለች ተናኜ። «በሬን አየሁ። እናቴን አየሁ። ከዚህ በላይ አላስቸግራችሁም።» ተነስታ ኦቦ ዋቅወያን እጅ ነሣች።

እሳቸው ግን አልተነሡም። «ቁጭ በይ» አሏት። «አያ ይመር የመረቁት አንቺን ብቻ ነው?»

ተናኜ ትንሽ ሳቀች። አባቷን ሳይጠራ የሚድር ሰው መንደሩ ውስጥ አልነበረም አለች። ክርስቲያኑም እስላሙም ይጠራቸው ነበር። እሷ ስትዳር ደግሞ ከአባቷ ቀጥለው የመረቋት ጎረቤታቸው ሼህ አሊ ናቸው፤ ሼህ አሊ ልጃቸውን ሩክያን ሲድሩ አባቷ ሄደው መርቀዋል። እነሱ አገር ሁልጊዜም እንዲህ ነው፣ ከወሎ ይዘውት የመጡት ነው፤ የአንዱ ልጅ በሌላው አፍ ካልተመረቀች እንደተዳረች አይቆጠርም።

«የሩክያን ሰርግ ማን ቀረጸው?» አሉ ኦቦ ዋቅወያ።

ተናኜ መልሳ ተቀመጠች።

ገና ያልከፈትናቸው አሥራ አራት መቶ የሚሆኑ ቁጥሮች ነበሩ። አሁን የምንፈልገው ሌላ ነው፤ ሙሽራዋን ሳይሆን ሽማግሌዎቹን ነው። ስምንት ቀን ፈጀብን። በስምንተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ፣ አንድ ዳስ ተከፈተ። ወንዶች በክብ ተቀምጠዋል፣ መዳፎቻቸው ወደ ላይ ተዘርግተዋል። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ከጎናቸው ያሉትን ቀጭን ሰውዬ ትከሻ ነካ አድርገው ተነሣ እንጂ ይሏቸዋል። ሰውዬው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሣሉ።

ተናኜ እጄን ያዘችኝ። ገና ያልደረቀ እጅ ነበር።

አያ ይመር ወደ ካሜራው አዩ። ቀጥ ብለው ሳይሆን፣ እንደማያውቁት እንስሳ በጎን አዩት። «ይኼ ነገር ድምፅም ይወስዳል?» አሉ።

«ይወስዳል አያ» ይላል የኦቦ ዋቅወያ ድምፅ ከካሜራው ኋላ።

«እንግዲያስ ቀስ ብዬ ልናገር» አሉ፣ ዳሱም ሳቀ።

ቀስ ብለውም ተናገሩ። የሩክያን ቤት መረቁ፤ ምድጃው እሳት እንዳያጣ፣ በሩ እንግዳ እንዳያጣ፣ ከብቱ እንዲበረክት፣ ልጆቿ የዚህንም የዚያንም ሰፈር ቋንቋ እንዲናገሩ፣ ያልተወለዱት ተወልደው ይህንን ቀን ሲሰሙት እንዲስቁ። በየመሃሉ «አሜን በሉ» ይላሉ፣ ዳሱም አሜን ይላል። ድምፃቸው ወፈር ያለ፣ ትንሽ የተሰነጠቀ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ቃላት ወደ ላይ ያነሷቸዋል። ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ይሆናል። ሙሉ ነው፣ አንድም ቦታ አልተቆረጠም።

ተናኜ አላለቀሰችም። ከንፈሯ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ሲያልቅ ደግሜ እንድከፍተው ጠየቀችኝ፣ ከዚያም ደግሜ። በአራተኛው ላይ «ረስቼው አልነበረም ለካ» አለች፣ «ስሰማው አወቅኩት»።

ኦቦ ዋቅወያ ምርቃቱን ለብቻ ቆርጠው በስልኳ ሚሞሪ፣ በአንድ አዲስ ፍላሽና በአንድ ሲዲ ላይ ገለበጡላት። ሦስቱን አንድ ቦታ እንዳታስቀምጣቸው፣ ፍላሹን ያገኘችው ኮምፒውተር ላይ ሁሉ እንዳትሰካው ነገሯት፤ እሷም እንደ ሐኪም ትእዛዝ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች። ከዚያ ሌላ ፍላሽ እንዲጨምሩላት ለመነች። ሩክያም ቤቷን ጥላ ወጥታ አሁን ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ናት፤ ሼህ አሊም የሉም፤ የሰርጓ ፎቶ እንኳን አልተረፋትም። የሩክያን ሰርግ ሙሉውን ገለበጥንላት። በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ የሚሄድ የታመነ ሰው አገኘች።

ቅዳሜ ልጇን ይዛ መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ እንደኔ ዓይናፋር ናት፣ ወንበሩ ላይ ስትወጣ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ጎተተች። ቪዲዮውን ከፈትኩላት። አያቷ ከካሜራው ጋር ሲነጋገሩ ሳቀች። ከዚያ አያቷ ከስክሪኑ «አሜን በሉ» ሲሉ የሚመልስ ሰው እየጠበቁ መሰላት መሰለኝ፣ እናቷን አየት አደረገችና ጮክ ብላ አሜን አለች። በሁለተኛው ላይም አለች። በሦስተኛው ላይ ኦቦ ዋቅወያም ከጓዳ ሆነው አብረዋት አሉ።

እነሱ ሲሄዱ ቁጥሩን አጥፍተን ስሙን ጻፍንበት፤ የሩክያ አሊ ሰርግ፣ ኪራሙ፣ መራቂ አያ ይመር። የግልባጩን ዲስክ ነቅዬ በጥጥ ጠቀለልኩት። ገና ስም ያልወጣላቸው ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ያህል ቀርተዋል። ኦቦ ዋቅወያ ወንበራቸውን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው አንድ ደብተር ከፈቱና ከመዳፋቸው ላይ ወደ ወረቀት ያሻገሩትን ያንን የፌኔትን ቁጥር አሳዩኝ።

«ሰኞ ከዚህ እንጀምር» አሉኝ።